ልጁ እንደማያነብ ቀድሞ ያየው ማን ነው?

ዛሬ የምናገርበት ጉዳይ በደሴና በኮምቦልቻ በየቤቱም በየመምህራን ማረፊያውም ዘወትር የሚነሳ ክርክር ነው። ወላጅ «ትምህርት ቤቱ ልጄን አላስተማረልኝም» ይላል። መምህር ደግሞ «ወላጁ ልጁን ልኮ ረስቶታል» ይላል። ሁለቱም በሚሉት ውስጥ እውነት አለ፤ ነገር ግን አንዱ ሌላውን የሚከስሰው ተከሳሹ በሌለበት ስለሆነ ክርክሩ ለዓመታት ያለ ፍርድ ተጓተተ። ጥፋቱን ለሁለቱም እኩል አካፍሎ «ሁላችንም ተጠያቂ ነን» ብሎ መለያየት ቀላል ነው፤ በስብሰባዎቻችን የተለመደውም ይኸው ነው። ሁሉም ተጠያቂ ነው ሲባል ግን ማንም አይጠየቅም። ስለዚህ አንድ መለኪያ ይዤ ቀርቤአለሁ፤ የልጁን ጉድለት ቀድሞ ማየት የሚችለው ወገን ቀድሞ ይጠየቃል። አይቶ ዝም ካለ ጥፋቱ የእሱ ነው፤ አይቶ ከተናገረ ኃላፊነቱ ወደ ሰሚው ይሸጋገራል። በዚህ መለኪያ ስንሄድ በንባብ፣ በጽሕፈትና በሒሳብ ጉድለት የመጀመሪያው ተጠያቂ ትምህርት ቤቱና ከበላዩ ያለው መሥሪያ ቤት ነው፤ በጠባይ፣ በሰዓት አጠቃቀምና በውሎ ግን ቤተሰቡ ነው። ለዚህ ማስረጃዬን አቀርባለሁ፤ የሚቃወሙኝን ሐሳቦችም አላልፋቸውም።

ከጉድለቱ መጠን እንጀምር። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ኩረጃን ለመግታት ወደ ዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ሲዛወር፣ በ2014 ዓ.ም. ወደ 900 ሺህ ከሚጠጉት ተፈታኞች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያገኙት 29,909 ብቻ ሆኑ፤ 3.3 በመቶ ማለት ነው። በ2015 ዓ.ም. 27,267 አለፉ፤ በዚያ ዓመት አንድም ተማሪ ያላሳለፉት ትምህርት ቤቶች 1,328 ነበሩ። በ2016 ዓ.ም. ያለፉት 36,409፣ ማለትም 5.4 በመቶ፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 48,929፣ ማለትም 8.4 በመቶ ናቸው። መሻሻሉን መካድ አይገባም። ይሁንና በእነዚሁ ዓመታት የተፈታኙ ቁጥር ከ300 ሺህ በላይ ስለቀነሰ፣ መቶኛው ያደገውን ያህል ትምህርቱ አድጓል ማለት አይቻልም። ይህ ውጤት በተነገረ ቁጥር አገር ይደነግጣል። እኔን ከቁጥሩ በላይ የሚያሳስበኝ ይህ ድንጋጤ ነው። ልጁ ለ12 ዓመት በየሴሚስተሩ ካርድ ይዞ ወደ ቤት ሲመጣ ኖሯል፤ ካርዱም በየዓመቱ ወደሚቀጥለው ክፍል መዛወሩን ሲያበስር ኖሯል። ከመቶ ተማሪ ከዘጠና በላዩ ከግማሽ በታች የሚያመጣ ከሆነ፣ ይህ ጉድለት በፈተናው ሳምንት የተወለደ አይደለም። ከታች ክፍል ጀምሮ ሲከማች የመጣ ነው፤ ሲከማችም የሚያይ ዓይን ነበረ። ወላጁ የደነገጠው ያ ዓይን ያየውን ስላልነገረው ነው።

እዚህ ላይ የመጀመሪያው ተቃውሞ ይነሳል። «ድሮ ወላጆቻችን ፊደል ሳይቆጥሩ፣ እኛ በኩራዝ አጥንተን ጎበዝ ወጣን፤ ስለዚህ የተበላሸው የዛሬ ልጅና የዛሬ ቤት ነው» የሚል ነው። በደሴ ይህ ንግግር ክብደት አለው፤ ዛሬ ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅ የሆነው የወይዘሮ ስኂን ትምህርት ቤት በአገሪቱ ታሪክ ስማቸው የሚጠራ ሰዎችን አፍርቷልና። ማነጻጸሪያው ግን የተሳሳተ ነው። በ1966 ዓ.ም. አብዮቱ ሲፈነዳ ማንበብና መጻፍ የሚችለው ኢትዮጵያዊ ከአሥር አንድ አይሞላም ነበር። ትምህርት ቤት የገባው ጥቂት፣ የ8ኛ ክፍልን ሚኒስትሪ ያለፈው ከጥቂቱ ጥቂት፣ ለማትሪክ የተቀመጠው ከዚያም ያነሰ ነበር። የምናስታውሳቸው ጎበዞች ከዚህ ሁሉ ማጣሪያ የተረፉት ናቸው። የወደቀው፣ ያቋረጠው፣ ጨርሶም የትምህርት ቤት ደጃፍ ያልረገጠው የገበሬ ልጅ በትዝታችን ውስጥ ቦታ የለውም። ከ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ወዲህ የአንደኛ ደረጃ ተማሪው ቁጥር ከ3 ሚሊዮን ገደማ ተነስቶ ወደ 20 ሚሊዮን ደርሷል። «ደረጃው ወደቀ» ከምንለው ከፊሉ፣ ድሮ የማይቆጠረው ልጅ ዛሬ ስለተቆጠረ የታየ ነው። ይህ ለትምህርት ቤት ሰበብ ሊሆነው አይገባም፤ ይልቁንም ሥራውን ያከብድበታል። በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት እንዳሳየው ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉት የአገራችን ሴቶች ማንበብ የሚችሉት 42 በመቶ ነበሩ። እንግዲህ ከግማሽ የሚበልጡት እናቶች የልጃቸውን ደብተር ገልጠው ስህተቱን ሊያርሙ አይችሉም። «ወላጅ ያስጠናልናል» ብሎ የተቀየሰ ትምህርት ለእነዚህ ልጆች ከመነሻው አልተቀየሰም።

ወደ ታችኞቹ ክፍሎች እንውረድ፤ ነገሩ የሚጀምረው እዚያ ነው። በ2002 ዓ.ም. አማርኛን ጨምሮ በተለያዩ የአፍ መፍቻ ቋንቋዎች በተደረገው የንባብ ምዘና፣ ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች 34 በመቶው ከቀረበላቸው አጭር ታሪክ አንዲት ቃል ማንበብ አልቻሉም። የዓለም ባንክ ከዚያ በኋላ ባወጣው ግምት ደግሞ አሥር ዓመት ከሞላቸው የኢትዮጵያ ልጆች አጭር ጽሑፍ አንብበው የማይረዱት 90 በመቶ ይደርሳሉ። እነዚህ ልጆች ምን ሆኑ? ተዛወሩ። የ1986ቱ ፖሊሲ ከ1ኛ እስከ 3ኛ ክፍል ልጅ እንዳይደግም ያደረገው ለክፋት አልነበረም፤ የሚደግም ልጅ ቶሎ ተስፋ ቆርጦ እንደሚያቋርጥ በብዙ አገር ታይቷል። ሐሳቡ መምህሩ በተከታታይ ምዘና እያንዳንዱን ልጅ እያየ፣ የቀረውን እያሟላ እንዲያሻግር ነበር። 60ና ከዚያ በላይ ልጅ በአንድ ክፍል ተጨናንቆ፣ በፈረቃ ግማሽ ቀን ብቻ እየተማረ፣ መጽሐፍ ለሁለትና ለሦስት እየተጋራ ተከታታይ ምዘናው በሮስተር ላይ የሚሞላ ቁጥር ሆኖ ቀረ። ማዛወሩ ቀጠለ፤ ማሟላቱ ቀረ። ወላጁ እጅ የሚገባው ካርድ ደግሞ የሚነግረው አማካይና ደረጃ ነው። ከ62 ተማሪ 7ኛ የወጣ ልጅ አባት ደስ ብሎት ደብተርና ጫማ ይገዛል። ደረጃ ግን ልጁን ከጓደኞቹ ጋር ያስተያያል እንጂ ማንበቡን አይናገርም፤ ክፍሉ በሙሉ በማያነብበትም አንደኛ የሚወጣ ልጅ አለ። ይህን መምህሩ ያውቃል። ልጁን ሰሌዳ ፊት አቁሞ አንድ አንቀጽ ባስነበበ ጊዜ አውቆታል። አባትየው ግን የሚያውቅበት መንገድ አልተሰጠውም።

ወሎ ግን ከዚህ የተሻለ ሥርዓት የሚያውቅ አገር ነው። በቦሩ ሜዳ እነ መምህር አካለ ወልድ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ባስተማሩበት አገር፣ በዳናና በገታ ታላላቅ ዑለማ ደረሳ፣ ማለትም የእስልምና ትምህርት ተማሪ፣ በሰበሰቡበት አገር፣ የሚቀጥለው ትምህርት ያለፈው ሳይታወቅ አይሰጥም ነበር። የንባብ ቤት ተማሪ ፊደል ሳይለይ አቡጊዳ አይገባም፤ ዳዊት ሳይዘልቅ ዜማ ቤት አይሄድም። የቁርኣን ተማሪም በእንጨት ሰሌዳው፣ በሉሁ፣ ላይ የተጻፈለትን ሳያወርድ ሉሁ ታጥቦ አዲስ አይጻፍለትም። ከሁሉም የሚገርመኝ ማንበብ የማይችል ወላጅ የልጁን ደረጃ በትክክል ማወቅ መቻሉ ነው። ዳዊት የጨረሰ ልጅ በሰው ፊት ይደግማል፤ ቁርኣን ያኸተመ ልጅ በሰው ፊት ያነባል፣ ይደገስለታል፣ ዱዓ ይደረግለታል። ያልጨረሰም አለመጨረሱ ይታወቃል፤ ለማንም የሚሰወር ነገር የለም። ያ ትምህርት ሁሉ መልካም ነበር ማለቴ አይደለም። የተማሩት ጥቂቶች፣ በአብዛኛውም ወንዶች ነበሩ፤ ዱላው ከባድ ነበር፤ ትርጉሙን ሳያውቁ በቃል የሚይዙም ብዙ ነበሩ። ግን በአንድ ነገር ከዘመኑ ትምህርት ቤታችን ይበልጣል፤ ስለ ልጁ ለወላጁ አይዋሽም ነበር።

አሁን ጠንካራውን ተቃውሞ እንመልከት፤ ከምርምር የመጣ ነው። በ1966 እ.ኤ.አ. ጄምስ ኮልማን የተባለው አሜሪካዊ የማኅበረሰብ ጥናት ሊቅ ከ600 ሺህ የሚበልጡ ተማሪዎችን መርምሮ፣ በትምህርት ውጤት ላይ ከትምህርት ቤቶች ልዩነት ይልቅ የቤተሰብ ሁኔታ እንደሚበልጥ ደመደመ። ያ ድምዳሜ ከአሜሪካ አልፎ በመላው ዓለም ተሰማ። «ነገሩ ከቤት ነው» የሚሉ ሁሉ፣ ስሙን ባያውቁትም፣ በእሱ ላይ ይደገፋሉ። ነገር ግን በ1983 እ.ኤ.አ. ስቲቨን ሄይነማንና ዊልያም ሎክስሊ 29 ሀብታምና ደሃ አገሮችን ሲያነጻጽሩ ሌላ ሥዕል አገኙ፤ አገሩ በደኸየ መጠን የትምህርት ቤቱና የመምህሩ ጥራት ለልጁ ውጤት ይበልጥ ወሳኝ ሆኖ ተገኘ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ቤቱ ውስጥ መጽሐፍ፣ ያነበበ ወላጅና ትርፍ ሰዓት ያለው ልጅ ትምህርት ቤቱ ቢደክም እንኳ ከቤት ያገኛል። ቤቱ ውስጥ ይህ የሌለው ልጅ ግን ፊደልን የሚያገኘው ከመምህሩ ብቻ ነው። ኋላ የመጡ ተመራማሪዎች በእነዚያ አገሮችም ትምህርት ሲስፋፋ የቤተሰብ ሚና እየጎላ እንደመጣ ጠቁመዋል፤ እኔም እቀበለዋለሁ። በየከተማው የምናየውም ይህንኑ ነው፤ አስጠኚ የሚቀጥር፣ ለግል ትምህርት ቤት የሚከፍል ወላጅ ልጁን ያድናል። ልዩ አዳሪ ትምህርት ቤቶችም ያስፈተኗቸውን አብዛኛውን ጊዜ ያሳልፋሉ፤ ግን የሚቀበሉት በፈተና መርጠው ነው። ከዚህ የሚወጣው ትምህርት፣ የሚያነብና ገንዘብ ያለው ወላጅ የትምህርት ቤቱን ጉድለት በራሱ ኪስ መሸፈኑ ነው። ኪስ የሌለውን ወላጅ «ለምን አልሸፈንክም» ብሎ መውቀስ ፍትሕ አይሆንም። ወላጆች ለትምህርት ግድ የላቸውም የሚለውም ሐሰት ነው። ከ2002 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአገራችን በ20 ቦታዎች፣ አማራ ክልልን ጨምሮ፣ 3,000 ያህል ልጆችን ሲከታተል የኖረው «ያንግ ላይቭስ» የተባለ ጥናት፣ ደሃ ወላጆች ሳይቀሩ አብዛኞቹ ልጃቸው ዩኒቨርሲቲ እንዲገባ እንደሚመኙ ደጋግሞ አሳይቷል። ምኞቱ አለ፤ የጎደለው ምኞቱ የት እንደ ደረሰ የሚነግር ነው።

ወላጆች ሆይ፣ እስካሁን የተናገርኩት እናንተን ነፃ ለማውጣት ብቻ የመሰለው ሰው ካለ ትዕግሥት ያድርግ። ያው መለኪያ ወደ ቤታችሁ ይዞራል። ልጁ ሌሊት ስድስት ሰዓት ድረስ ስልክ ላይ ተደፍቶ ጠዋት በክፍል ውስጥ ሲያንቀላፋ፣ እንቅልፉን መምህሩ ያያል፤ ስልኩን ያዩት ግን እናንተ ናችሁ። ከትምህርት ቀርቶ ጫት ቤት ወይም የስፖርት ውርርድ ቤት ሲውል፣ ከማን ጋር እንደሚሄድ፣ ገንዘቡን ከየት እንዳመጣው ቀድሞ ማወቅ የሚችለው ቤተሰብ ነው። ለታላቅ የማይነሳ፣ የሰው ዕቃ የሚያነሳ፣ ውሸት የማይከብደው ልጅ መጀመሪያ የታየው ገና ትምህርት ቤት ሳይገባ ነው። ስለዚህ በጠባይ ጉዳይ የመጀመሪያው ቃል የቤት ነው፤ ትምህርት ቤት ሊያግዝ ይችላል እንጂ ሊተካ አይችልም። ኩረጃም እዚህ ይገባል። በ2008 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና በማኅበራዊ ድረ ገጽ ተለቅቆ ሲሰረዝ አገሪቱ ሁሉ ተናወጠች፤ ልጁ እንዲኮርጅ የፈለገ፣ ለመልስ ገንዘብ የከፈለ ወላጅ ካለ ግን ያ ወላጅ «መምህሩ አላስተማረም» ለማለት አፍ የለውም። የሐሰት ካርዱን ራሱ ፈልጎታልና። እዚህ ላይ የወሎን ልዩ ሁኔታ ማለፍ አይቻልም። ከዚህ አካባቢ ስንት እናት፣ ስንት ታላቅ እህት ወደ ሳዑዲና ወደ ሌሎች የዓረብ አገሮች ሄዳ ልጆቹን አያት እንደምታሳድግ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ኮምቦልቻ ላይም እናትና አባት በፋብሪካና በኢንዱስትሪ ፓርኩ በፈረቃ ሲሠሩ ልጁ የሚያገኛቸው ተኝተው ነው። ለእነዚህ ልጆች «ወላጅ ይምጣ» የሚል ወረቀት የሚደርሰው ማን ዘንድ ነው? በቤት ውስጥ የሚያየው ዓይን ሲጎድል ጎረቤት፣ አጎት፣ የሰፈር ሽማግሌ ያንን ዓይን መሙላት አለበት፤ ከሪያድ የሚላክ ገንዘብ ጫማ ይገዛል እንጂ የልጁን ውሎ አያይም።

መምህራንም መልስ አላቸው፤ ልንሰማቸው ይገባል። «እኛ መደበቅ ፈልገን አይደለም፤ ልጅ ብንጥል ርዕሰ መምህሩ ይጠራናል፣ ርዕሰ መምህሩን ደግሞ ወረዳው ይጠራዋል። ትምህርት ቤት የሚመዘነው ስንት ልጅ አሳለፈ፣ ስንት አቋረጠ፣ ስንት ደገመ ተብሎ ነው። ወላጁም ልጄ ለምን ወደቀ ብሎ ሊጣላን ይመጣል» ይላሉ። የሚሉት እውነት ነው። መምህሩ ራሱ የዚህ ሥርዓት ውጤት ነው፤ ለብዙ ዓመታት ወደ መምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጆች የሚላኩት በ10ኛ ክፍል ፈተና ለመሰናዶ ያልበቁት ነበሩ። ደመወዙ ኑሮውን አይችልም፤ በጦርነት መካከልም አስተምሯል። ስለዚህ ጣታችን ክፍል ውስጥ ባለው መምህር ላይ ብቻ ከቀረ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሆናል። ቁጥር እንዲያምር የሚያዝዘው፣ እውነት ላልሆነ የማለፍ ምጣኔ ምስጋና የሚሰጠው ከትምህርት ጽሕፈት ቤት እስከ ሚኒስቴር ያለው መዋቅር ነው፤ ከመምህሩ ይልቅ እሱ ይጠየቃል። መምህሩ ግን ጨርሶ አያመልጥም። ውጤት ሮስተር ላይ እንዴት እንደሚሞላ ሊታዘዝ ይችላል፤ ለአንዲት እናት «ልጅሽ ገና አያነብም፣ በዚህ በዚህ እናግዘው» ማለትን የሚከለክል መመሪያ ግን የለም።

ይህ ነገር ዛሬ ከመቼውም በላይ አስቸኳይ የሚሆንበት ምክንያት አለ። በ2012 ዓ.ም. መስከረም 1ኛ ክፍል የገባ የደሴ ልጅ በሐሳባችሁ ተከተሉት። በዚያው ዓመት መጋቢት 7 በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤት ተዘጋ፤ ፊደል ሳይጨርስ ቤት ዋለ። 2ኛ ክፍልን ዘግይቶ ጀመረ። 3ኛ ክፍል በደረሰበት በ2014 ዓ.ም. ገና ዓመቱ ሳይጀመር በሰሜኑ ጦርነት ምክንያት ትምህርት ቤቶቻችን የተፈናቃይ መጠለያ ሆኑ፤ በጥቅምት ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ገባ፤ ከተሞቹ እስከ ኅዳር መጨረሻ በጦርነት ውስጥ ቆዩ፤ ትምህርት ቤቶች ተዘረፉ፤ የወሎ ዩኒቨርሲቲም ከዝርፊያው አልተረፈም። 5ኛ ክፍል ሊገባ ሲል፣ ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ፣ ክልሉ ሌላ ግጭት ውስጥ ገባ፤ በ2017 ዓ.ም. በአማራ ክልል ከትምህርት ገበታ ውጭ የሆኑት ልጆች ከ4 ሚሊዮን በላይ መሆናቸው ተነግሯል። ይህ ልጅ ትምህርቱን ሳያቋርጥ ቀጥሎ ከሆነ በ2018 ዓ.ም. 7ኛ ክፍል ነው። በመሃሉ ሥርዓተ ትምህርቱ ተቀይሮ መጽሐፉ ዘግይቶ ደርሶታል። ለኮሮናውም፣ ለጦርነቱም ወላጁም መምህሩም ጥፋት የለባቸውም። ነገር ግን የ1ኛና የ3ኛ ክፍል ትምህርቱ እንደተቆረጠ እያወቀ፣ ያመለጠውን ሳይመረምርና ሳያሟላ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ 4ኛ፣ 5ኛ፣ 6ኛ እያለ ያሻገረው ማን ነው? ጦርነቱ ለጠፋው ጊዜ ምክንያት ነው፤ የጠፋው ጊዜ ሳይቆጠር ለመቅረቱ ግን ምክንያት ሊሆን አይችልም። በ9ኛ ክፍል ትምህርቱ ሁሉ ወደ እንግሊዝኛ ሲዞርበት ይህ ልጅ በአማርኛም አጥብቆ ያልያዘውን በሌላ ቋንቋ ይጠየቃል። ያኔ «የዘንድሮ ልጆች ሰነፎች ናቸው» እንላለን።

«እሺ፣ ወላጅ እውነቱን ቢያውቅስ ምን ያመጣል?» የሚል ጥያቄ ይቀራል። ከሌላው ዓለም የተገኘው ማስረጃ ሁለት ዓይነት ነው፤ ሁለቱንም እነግራችኋለሁ። በፓኪስታን ፑንጃብ በ112 መንደሮች በተደረገ ሙከራ፣ በግማሾቹ መንደሮች ላሉ ወላጆች የልጃቸውና የትምህርት ቤቶቹ ትክክለኛ ውጤት በግልጽ ወረቀት ተሰጣቸው። በእነዚያ መንደሮች የልጆቹ ውጤት ከፍ አለ፤ የግል ትምህርት ቤቶች ክፍያ በ17 በመቶ ወረደ፤ የሚመዘገበው ልጅም ጨመረ። በማላዊ ርብቃ ዲዞን-ሮስ ያጠናችው ደግሞ ወላጆች፣ በተለይም ደሃዎቹና ያልተማሩት፣ ስለ ልጃቸው ችሎታ ያላቸው ግምት ከእውነቱ በጣም የራቀ መሆኑን አሳየ፤ እውነቱ ሲነገራቸው ለልጆቻቸው የሚያወጡትን ወጪ እንደ ልጁ ፍላጎት ለወጡ። በኬንያ ገጠር ግን እንዲሁ የልጃቸውን ውጤት የሰሙ ወላጆች ላይ የታየ ለውጥ አልተገኘም። ይህ የሚቃረነኝ ይመስላል፤ እኔ ግን የሚያስጠነቅቀኝ አድርጌ እወስደዋለሁ። ልጅህ አያነብም ተብሎ የተነገረ ሰው ቀጥሎ ምን እንደሚያደርግ፣ ማንን እንደሚጠይቅ ካልተነገረው ኀዘን ብቻ ተሸክሞ ይመለሳል። በፓኪስታን መንደሮች ወላጁ ሌላ ትምህርት ቤት መምረጥ ይችል ነበር። እዚህ ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ያለው ደሃ ወላጅ ያንን ምርጫ ስለማይችል፣ እውነቱ መፍትሔውን አስከትሎ ሊመጣለት ይገባል። ሕንድ ውስጥ ፕራታም የተባለው ድርጅት ያደረገው ይህንኑ ነው፤ በአንድ ገጽ ላይ ፊደል፣ ቃል፣ አጭር አንቀጽና ታሪክ ጽፎ በጎ ፈቃደኞች ቤት ለቤት እየዞሩ ልጁን በወላጁ ፊት ያስነብቡታል፤ ከዚያ ልጆቹን በክፍላቸው ሳይሆን በሚያነቡት ልክ መድቦ በቀን አንድና ሁለት ሰዓት ያስተምራቸዋል። ውድ ሕንፃም ኮምፒውተርም አልጠየቀም።

ይህን እዚህ ማድረግ የማይቻልበት ምክንያት አይታየኝም። ደሴ የመምህራን ትምህርት ኮሌጅ አላት፤ የወሎ ዩኒቨርሲቲ በደሴም በኮምቦልቻም ግቢ አለው። የሚመረቁት ወጣቶች አንድ ገጽ ይዘው በሰፈሩ ቢዞሩ በአንድ ወር የእያንዳንዱ የ3ኛና የ4ኛ ክፍል ልጅ ንባብ ይታወቃል። ስለዚህ ጥያቄዬን በስም አቀርባለሁ። የትምህርት ጽሕፈት ቤት ኃላፊዎች፤ ትምህርት ቤቶችን በማለፍ ምጣኔ ማመስገን አቁሙ፤ ስንቱ 3ኛ ክፍል ላይ ያነባል ብላችሁ ጠይቁ፤ እውነተኛውን ዝቅተኛ ቁጥር ያመጣውን ርዕሰ መምህር አትቅጡ። ርዕሳነ መምህራን፤ በካርዱ ላይ ከደረጃው በላይ አንድ መስመር ጨምሩ፤ «አንድ ገጽ ያነባል» ወይም «ገና አያነብም» የሚል። ላላነቡት ከሰዓት በኋላ የማጠናከሪያ ክፍል ክፈቱ፤ ለሚያስተምረው መምህርም ክፍያውን ለምኑለት። መምህራን፤ ወላጅ ሊቆጣ ይችላል፤ ቢቆጣም ንገሩት። ወላጆች፤ የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት ሲጠራችሁ ስለ አጥርና ስለ ሽንት ቤት መዋጮ ብቻ ተነጋግራችሁ አትመለሱ፤ «ልጄ ያነባል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። መምህሩ «አያነብም» ካላችሁ አትጣሉት፤ እውነቱን የነገራችሁ እሱ ነው። ዛሬ ማታም ቤታችሁ ስትገቡ ልጃችሁን የአማርኛ መጽሐፉን አስከፍታችሁ አንድ ገጽ አስነብቡት። እናንተ ማንበብ የማትችሉ ከሆነ የሚያነብ ጎረቤት ጥሩ፤ ጎረቤት ይህን አይነፍግም። ልጁ ካላነበበ ነገ ጠዋት ትምህርት ቤት ሂዱና የመምህሩን እጅ ይዛችሁ ምን እናድርግ በሉ።